ቡናው አልጋ ላይ፣ ጠባቂው መሬት ላይ

ከመስከረም መጨረሻ አንስቶ እስከ ታኅሣሥ ድረስ ከጅማ በማና በኩል ወደ አጋሮ የተጓዘ ሰው የቡና ማድረቂያ አልጋ ሳያይ አይውልም። ከመሬት አንድ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ፣ በእንጨት ተወጥሮ፣ ሽቦ ወይም ሰሌን ተነጥፎበት፣ በላዩ ቡናው ተሰጥቶ ይታያል። ፀሐይ ሲከር ይሸፈናል። ማታ ጤዛ እንዳይመታው ይሸፈናል። ዝናብ ካስፈራማ ሰው ሁሉ ከያለበት ሮጦ ይደርስለታል። ከአልጋዎቹ ዳር፣ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ልብ ብለው ካላዩት የተጣለ ዕቃ የሚመስል ጥቁር ወይም ሰማያዊ ላስቲክ በሦስት አራት እንጨት ተደግፎ ቆሟል። እዚያ ውስጥ ሰው ያድራል። የቡናው ጠባቂ ነው። ራቅ ብሎ ማሳው ውስጥ ከተገባ ደግሞ ከከምባታ፣ ከሀዲያ፣ ከወላይታ፣ ከዳውሮ ለለቀማ የመጡ ሰዎች በተመሳሳይ ላስቲክ ሥር አምስትም ስድስትም ሆነው ተጠጋግተው ያድራሉ።

ዛሬ የምጽፈው ስለዚያ ላስቲክ ነው። ነገሩን ለማስረዳት ግን በረዶ ወዳለበት አገር ወሰድ አድርጌ ልመልሳችሁ፤ ታገሱኝ።

በካናዳ ሰሜናዊ ዳርቻ የሚኖሩት ኢኑይቶች ለአደን ሲወጡ ድንኳን የሚሆን እንጨት የላቸውም፤ ሳር የለም፤ ጭቃውም እንደ ድንጋይ የደረቀ ነው። ያለው በረዶ ብቻ ነው። ነፋስ የጠቀጠቀውን በረዶ በቢላ እንደ ብሎኬት ይቆርጡና ከታች ወደ ላይ እየዞሩ፣ እያጠበቡ ይደረድሩታል። ሥራውን የለመደ ሰው በአንድና በሁለት ሰዓት ውስጥ ጨርሶ ይገባበታል። ውጭው ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ሲሆን ውስጡ ዜሮ አካባቢ ይቆያል። የሚያሞቀው እሳት አይደለም። ዝም ብሎ የተኛ ሰው ከሰውነቱ የሚያወጣው ሙቀት ከአንድ ባለ 100 ዋት አምፖል ጋር ይቀራረባል፤ የበረዶው ግድግዳ ያንን ሙቀት ይዞ ያቆየዋል። አዲስ የወረደ በረዶ ከዘጠና በመቶ በላዩ አየር ነው። የቆመ አየር ደግሞ ሙቀት አያሳልፍም። ቡልኮ ከነጠላ የሚሞቀው በዚሁ ምክንያት ነው፤ በክሩ መሐል የያዘው አየር ይበልጣል።

በደን አካባቢ ያለው ሰው ደግሞ ሌላ ዘዴ አለው፤ ኩዊንዚ ይሉታል። በረዶውን በአካፋ የሰው ቁመት እስኪያህል ይከምራል፤ ከዚያ አንድ ሁለት ሰዓት ይተወዋል። ክምሩ ራሱን በራሱ ይይዛል፣ ይጠነክራል። ከዚያ ስንዝር ተኩል የሚያህሉ ብዙ ቀጫጭን እንጨቶች ከውጭ ይሰኩበታል። ውስጡን እየቦረቦረ ሲሄድ የእንጨቱ ጫፍ በታየው ቁጥር ያቆማል፤ ግድግዳው እኩል ውፍረት እንዲኖረውና እንዳይናድበት ነው። እኔ ይህን ሳነብ የገረመኝ ብልሃቱ ብቻ አልነበረም። ነገ ጥሎት ለሚሄደው ቤት፣ ለአንድ ሌሊት ብቻ፣ ይህን ያህል ይጨነቃል።

ሁለቱም ቤቶች የሚጋሩት ሕግ አለ። ቤቱ ትንሽ ይሆናል፤ ትልቅ ቤት በሰው ገላ አይሞቅም። በሩ ዝቅ ይላል፣ ከነፋሱ አቅጣጫም ይሸሻል። መኝታው ከበሩ ከፍ ይላል፤ ቀዝቃዛ አየር ይከብዳልና ወደ ታች ወርዶ በበሩ ይወጣል፣ ሙቁ ከላይ ከተኛው ሰው ጋር ይቀራል። መኝታው ላይ ቅጠልና ቁጥቋጦ፣ በላዩ ቆዳ ይነጠፋል፤ ሰውን ከአየሩ ይልቅ የተኛበት መሬት ቶሎ ያቀዘቅዘዋልና። ጣሪያው ላይ ደግሞ፣ ምንም ያህል ቢበርድ፣ የክንድ ውፍረት ያላት ቀዳዳ ትቀራለች። ወደዚች ቀዳዳ እመለሳለሁ።

"በረዶ ከእኛ ጋር ምን አገናኘው?" የምትሉ ትኖራላችሁ። ቋንቋችን እንኳ ከሰማይ የሚወርደውን ጠጠርም፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚረጋውንም፣ የፈረንጅ አገሩንም ነጭ ብናኝ በአንድ ስም "በረዶ" ብሎ ይጠራዋል፤ "አመዳይ" የሚለውን ቃል የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው። ነገር ግን ትውውቃችን የቆየ ነው። በስድስተኛው መቶ ዓመት አዱሊስ ላይ የደረሰው ነጋዴ ኮስማስ የገለበጠው የድንጋይ ጽሑፍ አንድ የአክሱም ንጉሥ ከተከዜ ማዶ ሰሜንን ሲወጋ ሠራዊቱ ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰጥምበት በረዶ እንደገጠመው ይተርካል። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮርያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ ጦርና ተተኪዎቹ የዚያን አገር ክረምት በግንድና በአፈር በተደፈኑ ምሽጎች ውስጥ አሳልፈውታል። ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 ቶሪኖ ላይ በበረዶ ሸርተቴ ተወዳድሮ በክረምት ኦሊምፒክ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ዛሬ ደግሞ ከጅማ ገጠር ተነስቶ ሚኒሶታ የገባው ወገናችን ብዙ ነው፤ ስለ ቁር ከእኛ በላይ ያውቃል።

ጅማ ላይ በረዶ አይተኛም። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ነች፤ የጌራና የሲግሞ ከፍታ ደግሞ ከዚያ በብዙ ይበልጣል። ቡናው የሚለቀመው ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ በጠራበት ወቅት ነው። ደመና የሌለበት ሌሊት የመሬቱን ሙቀት የሚይዝለት ክዳን የለውምና ቀን 27 እና 28 ዲግሪ የነበረው አየር ሊነጋጋ ሲል ከ10 በታች ይወርዳል። አበው "በጥቅምት አንድ አጥንት" ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም። "10 ዲግሪ ምን አላት?" የሚል ካለ ልብሱ ረጥቦ፣ ነፋስ እየገባበት፣ መሬት ላይ ተኝቶ ይሞክራት። የሰው ገላ ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ ሐኪሞች አደጋ ውስጥ ገብቷል ይላሉ፤ ለዚህ ደግሞ ውጭው የግድ ዜሮ መድረስ የለበትም። እርጥበትና ነፋስ ይበቁታል።

አሁን ላስቲኩን እንየው። ላስቲክ ነፋስና ዝናብ ይመልሳል፤ ይህን አልክድም። ሙቀት ግን አይዝም፤ ውፍረት የለው፣ አየር አልቋጠረ። ይባስ ብሎ አምስት ሰው ሌሊቱን ሙሉ ሲተነፍስ እንፋሎቱ የቀዘቀዘው ላስቲክ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ንጋት ላይ ጋቢው እርጥብ ነው። ቡና የሚያደርቅ ሰው ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል። እርጥብ ቡና በላስቲክ ታፍኖ ከዋለ ያልበዋል፣ ይሻግታል፣ ጣዕሙ ይበላሻል። ስለዚህ አየር እንዲያገኝ ይገለጥለታል፣ ይገላበጥለታል፣ ከሥሩም ነፋስ እንዲገባ ከፍ ተደርጎ ይሰቀላል። ይህን ሁሉ እውቀት የያዘው ሠራተኛ ማታ ሄዶ ራሱን በላስቲክ ያፍናል።

ብርዱ ሲበረታ ምን ይደረጋል? ከሰል ይገባል። ማንደጃው ወይም የፍም ጣሳው ወደ ውስጥ ይሳብና የላስቲኩ ጠርዝ በድንጋይና በአፈር ይደፈናል። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ ይኸው ነው።

የከሰል ፍም ጭስ ስለሌለው ንጹሕ ይመስላል። አደገኛነቱም እዚያ ላይ ነው። ጭስ ቢኖረው ዓይን ያቃጥላል፣ ያስላል፣ ሰው ይወጣል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ክፍል ከኦክስጅኑ ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ይይዘዋል። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ከዚያ ድካምና እንቅልፍ። ቀኑን ሙሉ ቡና ሲለቅም ለዋለ ሰው ራስ ምታትና እንቅልፍ ምን አዲስ ነገር አለው? ይተኛል፤ አይነሳም። አዲስ አበባ ውስጥ በየጊዜው "ከሰል አቀጣጥለው ተኝተው" የሚል ዜና እንሰማለን፣ የእሳትና አደጋ ሰዎችም ያሳስባሉ። በቡና ማሳ ውስጥ የሆነው ግን ዜና አይሆንም። ሬሳው ወደ ትውልድ ቀዬው ይጫናል፤ "ሌሊት ታሞ አደረ" ይባላል፤ ለቀማው ይቀጥላል።

ያቺ የጣሪያ ቀዳዳ ለዚህ ነው። የበረዶ ቤት ሠሪዎች ሁሉንም ሊያጓድሉ ይችላሉ፣ እሷን አያጓድሏትም። በረዶ እየወረደ እንዳይደፍናት ሌሊት እየተነሱ በዱላ የሚወጓት አሉ። ትምህርቱ በዋዛ አልመጣም። አሜሪካዊው አድሚራል ሪቻርድ በርድ እ.ኤ.አ. በ1934 በአንታርክቲካ በረዶ ውስጥ በተቀበረች አንዲት ጎጆ ብቻውን ከርሟል። ዝነኛ አሳሽ ነው፤ መሣሪያ አልጎደለውም፤ መንግሥትና ሕዝብ በሬዲዮ ይከታተለዋል። ሊገድለው የደረሰው የውጭው ቁር አልነበረም። የምድጃውና የጄኔሬተሩ ጋዝ ነበር፤ መተንፈሻው በበረዶ ተደፍኖበት። ወራት ታሞ፣ ሰዎች ነሐሴ ላይ ደርሰው አተረፉት። ሚኒሶታ ያሉ ወገኖቻችንም በመኪና ውስጥ በበረዶ ከተያዙ መጀመሪያ የሚነገራቸው ነገር ሞተር ከማስነሳታቸው በፊት የጭስ መውጫውን ከበረዶ እንዲያጸዱ ነው። አድሚራሉንም፣ ሹፌሩንም፣ የእኛን ዘበኛም የሚያሰጋው ጋዝ አንድ ነው። ልዩነቱ ለሁለቱ ተነግሯቸዋል፤ ለሦስተኛው የነገረው የለም።

አባቶቻችን ቤት ውስጥ እሳት አያነዱም ነበር ወይ? ያነዱ ነበር። የጅማ ገጠር የሳር ጎጆ ውስጥ ምድጃው መሐል ላይ ነው። ግን የሳር ክዳን ይተነፍሳል፤ ጭሱ በሳሩ መሐል አጣርቶ ሲወጣ ከውጭ የሚያየው ሰው ቤቱ የተቃጠለ ይመስለዋል። ጣሪያውም ከፍ ያለ ነው። ጭሱ ለዓይንና ለሳንባ መጥፎ መሆኑ ሌላ ጉዳይ ሆኖ፣ ቤቱ አፋኝ አልነበረም። ግድግዳው በጭቃ የተመረገ፣ በሩ ጠባብ፣ መኝታው መደብ። መደብ! ኢኑይቱ በበረዶ የሚሠራውን ከፍ ያለ መኝታ እኛ በጭቃ ስንሠራው ኖረናል፣ ስምም አለን። የማሳ ጠባቂውም ማማ ነበረው፤ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ በሳር ተከድኖ፣ ዝንጀሮና ከርከሮ የሚጠብቅበት። ላስቲክ ርካሽ ሆኖ በየሱቁ በሜትር ሲቆረጥ ይህ ሁሉ ተረሳ። በእኔ እይታ ላስቲኩ የመጣው እንደ ዕድገት ነው፤ ለሚያድርበት ሰው ግን ወደ ኋላ መመለስ ሆኖበታል።

የጅማ ቡና ራሱ ተመሳሳይ ታሪክ አለው። ለረጅም ዘመን በዓለም ገበያ "ጅማ 5" የሚል ስም ነበረው፤ በርካሽ የሚሸጥ፣ ብዙው መሬት ላይ የደረቀ፣ የአፈር ጠረን ያለበት። እ.ኤ.አ. ከ2009 ወዲህ በጎማና በጌራ ኅብረት ሥራ ማህበራት ማጠቢያ ጣቢያና የማድረቂያ አልጋ ሲስፋፋ ያው ቡና፣ ከያው ማሳ፣ ሌላ ሆነ። ዱሮሚና እ.ኤ.አ. በ2012 በአፍሪካ ደረጃ በተደረገ የቅምሻ ውድድር አንደኛ ወጣ። ናኖ ጫላን ዛሬ በአውሮፓና በአሜሪካ ቡና ቤቶች በስሙ ያዙታል። የተለወጠው ነገር ብዙ ነው፤ ቀይ ብቻ መልቀም አለ፣ አጥቦ ማፍላት አለ። ከሁሉ ቀድሞ የሚታየው ግን ቡናው ከመሬት መነሳቱ ነው። ዱሮሚና በኦሮምኛ ኑሯቸውን ማሻሻል እንደማለት ነው አሉ። "የእነማንን?" ብዬ ብጠይቅ ከክፋት አትቁጠሩብኝ።

ታዲያ ምን ይሠራ? ቪላ አልጠየቅሁም። በጣቢያው ግቢ ካለው ዕቃ የሚሠራ ነው።

ቦታው ከአልጋዎቹ ትንሽ ከፍ ይበል፤ ሸለቆው ውስጥ ቀዝቃዛ አየር ስለሚተኛ ጉድጓድ ውስጥ አይሠራ። ዙሪያውን ውሃ መሄጃ ይቆፈርለት። ለሁለት ወይም ለሦስት ሰው ብቻ የሚበቃ ይሁን፤ ለሃያ ሰው አንድ አዳራሽ ከመሥራት ስድስት ሰባት ጎጆ ይሻላል። ግድግዳው በማገር ተሠርቶ ቢመረግ ጥሩ፤ ጊዜ ከሌለ በኮባና በሳር ይወፍር። ጣሪያው ሳር ይሁን፤ ላስቲኩን መጣል አያስፈልግም፣ ከሳሩ በላይ ይልበስ። ዝናቡን ላስቲኩ ይመልሳል፣ ሙቀቱን ሳሩ ይይዛል፣ ላቡም አይንጠባጠብም። መኝታው በእንጨት ርብራብ ወይም በመደብ ከፍ ይበል። በላዩ የቡና ገለባ በጆንያ ተጠቅጥቆ ይነጠፍ።

ገለባው ላይ ትንሽ ልቆይ። የጅማና የአጋሮ መፈልፈያዎች በየዓመቱ ተራራ የሚያህል ገለባ ይጥላሉ፤ ይቃጠላል፣ ወንዝ ዳር ይከመራል፣ ይሸታል። ደረቅ ገለባ ደግሞ አየር የቋጠረ ነገር ነው፤ ኢኑይቱ ከበረዶው ላይ የሚያነጥፈውን ቁጥቋጦና ቆዳ የሚተካ። ስንዝር ተኩል ውፍረት ያለው የገለባ ፍራሽ ሰውን ከመሬት ይለየዋል። ሁለት ነገር ብቻ ይጠንቀቁ፤ ገለባው የደረቀ ይሁን፣ የሻገተ ገለባ አቧራው ለሳንባ ጥሩ አይደለም። ሲጋራና ኩራዝም አይጠጋው፤ ይቀጣጠላል።

በመጨረሻ፣ ከጣሪያው ጫፍ ሥር ግራና ቀኝ ጡጫ የሚያሾልክ ክፍት ቦታ ይተው። ከሰል ወደ ውስጥ አይግባ። መሞቅ የፈለገ ውጭ ይሙቅ፤ ሌሊቱን ሙሉ የሚጠብቅ ዘበኛ በክዳን ሥር፣ ከሦስት በኩል ክፍት በሆነ ቦታ እሳቱን ያንድድ። ከእሳቱ ሥር የሞቀ ድንጋይ በጨርቅ ጠቅልሎ ወደ መኝታ መውሰድ የቆየ ዘዴ ነው፤ ድንጋይ ጋዝ የለውም።

የሚመጣውን መልስ አውቀዋለሁ። "ለሁለት ወር ብሎ ማን ቤት ይሠራል?" ይባላል። ለአንድ ሌሊት ሁለት ሰዓት በረዶ የሚቦረቡር ሰው እንዳለ ነግሬያችኋለሁ። የማድረቂያ አልጋውም የሚያገለግለው እኮ ለእነዚሁ ወራት ነው፤ ማንም "ለሁለት ወር ብዬ አልጋ አልሠራም" ሲል ሰምቼ አላውቅም። "ለምደውታል" የሚለው ሌላው መልስ ነው። ብርድ ይለመዳል እንበል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድን የለመደ ደም ግን አልተፈጠረም። ሦስተኛው መልስ ይበልጥ ክብደት አለው፤ "ገበሬው ራሱ ምን አለው?" የሚለው። እውነት ነው፣ ግማሽ ሄክታር ቡና ያለው አርሶ አደር ለቃሚውን ከራሱ ቤት ነው የሚያሳድረው፣ ያለውን ያካፍላል። እኔ የምናገረው ለእሱ አይደለም። ሰፋፊ ማሳ ስላላቸው፣ ስለ ማጠቢያ ጣቢያ ባለቤቶችና ስለ ማህበራት ነው። አገሪቱ በ2017 የበጀት ዓመት ከቡና ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ አግኝታለች። በዚህ ገንዘብ ውስጥ የሦስት ሸክም ሳርና የሃያ ማገር ዋጋ አይጠፋም።

ደግሞም ለባለቤቱ ጥቅም አለው። ለቃሚ እየጠፋ ነው የሚለው ሮሮ በየዓመቱ ይሰማል። ቀይ ቡና ዛፍ ላይ አልፎበት ሲረግፍ ኪሳራው የማን ነው? ደርቆ ሞቆ የሚያሳድር ቦታ ያለው ማሳ የዘንድሮ ለቃሚዎቹ በሚቀጥለው ዓመት ወንድምና እህታቸውን ይዘው ይመጡለታል። ሴቶቹ ጉዳይ ለብቻው ይታይ፤ ሕፃን አዝላ የምትለቅም እናት ከማታውቃቸው ወንዶች ጋር በአንድ ላስቲክ ሥር ስታድር ብርዱ ከችግሮቿ ትንሹ ነው። ትንንሽ ጎጆ ያልኩት ለሙቀቱ ብቻ አይደለም።

ሕጉም አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት የመጠበቅ ግዴታ ይጥልበታል። ሬይንፎረስት አላያንስን የመሰሉ የምስክር ወረቀት ሰጪዎችም በሥራ ቦታ ስለሚያድሩ ሠራተኞች መኖሪያ መስፈርት አላቸው። ነገር ግን ሰሞኑን ከቡና ሰው ጋር ቁጭ ካላችሁ ወሬው ሁሉ የአውሮፓ ኅብረት ስለሚጠይቀው የማሳ መገኛ ነጥብ ነው። ደኑ መቆረጥ አለመቆረጡን ሳተላይት ከሰማይ ያየዋል። መልካም ነው፣ ደኑ ይጠበቅ። በዛፎቹ ሥር የተወጠረውን ላስቲክ ግን ሳተላይቱ አያየውም፣ የጠየቀም የለም።

ጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ወደ ማህበረሰቡ እያወጣ በማስተማር የታወቀ ነው። የጤናም የቴክኖሎጂም ተቋም አለው። የኅዳር አንድ ሳምንት፣ ጥቂት ቴርሞሜትርና የካርቦን ሞኖክሳይድ መለኪያ ይዘው ከሰርቦ እስከ ጌራ ባሉ ጣቢያዎች ላስቲክ ውስጥና ሳር ጎጆ ውስጥ ቢለኩ ክርክሩ በቁጥር ይሆናል። የአጋሮው ካታ ሙዱጋ ዩኒየንና አባል ማህበራቱ ደግሞ ቁጥሩን መጠበቅ የለባቸውም፤ ቡናን ከመሬት ማንሳት ምን እንደሚያመጣ ቀድመው ያዩት እነሱ ናቸው። የአልጋ እንጨት የሚቆረጠውና የሚጠገነው መስከረም ላይ ነው። አናጢው እዚያው ነው፣ ምስማሩ ተገዝቷል። ለአልጋው ሒሳብ ሲያዝ ለጠባቂው ጎጆም አንድ መስመር ይግባ። ለቃሚዎቹን ሲመዘግቡም ጸሐፊው ስለ ከሰሉ በኦሮምኛ፣ በአማርኛ፣ በወላይትኛ፣ በከምባትኛ ይንገራቸው፤ ከሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ይህን የምታነቡ የጣቢያ ባለቤቶች፣ የማህበር ሊቃነ መናብርት ወይም የእነሱ ልጆች ካላችሁ (እንዳላችሁ አውቃለሁ፣ ከአጋሮ የሚጽፉልኝ ጥቂት አይደሉም) ዛሬ ማታ ከአራት ሰዓት በኋላ ባትሪ ይዛችሁ ወደ አልጋዎቹ ውጡ። ቡናው መሸፈኑን ስታዩ የጠባቂውንም ላስቲክ ገለጥ አድርጉ። ማንደጃ ካለ አውጡት።